እርጥብ እንጨት ገዝቶ ደረቅ ቤት መመኘት

እህል ነጋዴ ስንዴ ሲገዛ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል፡፡ ቀጭ ካለች ደረቅ ናት፤ ካልተሰበረች ዋጋው ይወርዳል፤ አለበለዚያም ገበያው ይፈርሳል፡፡ እርጥበቱ ከ12 ከመቶ ገደማ ያለፈ ቡና ይዞ ለላኪ አቀርባለሁ የሚል ነጋዴም ሰሚ አያገኝም፡፡ እንጨት ተራ የሄደ ገዢ ግን የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ ስንት ፍሬ? ምን ያህል ርዝመት? ትናንት ተቆርጦ የወረደ አጣናና ዓመት ሙሉ ጥላ ሥር የከረመ አጣና ጎን ለጎን ተደግፈው በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ፡፡

«በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» ይባላል፡፡ በእንጨት ገበያ ነገሩ ተገልብጧል፤ በእርጥቡ አበሳ ደረቁ ይከስራል፡፡ ለድርቀቱ የሚከፍል ገዢ ከሌለ አድርቆ የሚያቆይ ሻጭ አይኖርም፡፡ አድርቆ የሚያቆይ ሻጭ ከሌለ ደግሞ ቤቱ የሚሠራው በእርጥብ እንጨት ነው፡፡ ከዚያ በኋላ በሩ አልዘጋ ሲል፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ፣ ጣራው ሲያዘነብል ጥፋተኛ የሚባለው እንጨቱ ይሆናል፡፡ «የእንጨት ቤት ዕድሜ የለውም» የሚለው አባባል ብዙውን ጊዜ የሚወለደው ከዚህ ዓይነቱ ግዢ ነው፡፡

ጉዳዩ ለባለሀብቱ ቀላል አይደለም፡፡ በሐይቅ ዳር ወይም በተራራ ግርጌ ሎጅ ለመክፈት የሚያስብ ሰው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ማረፊያ ቤት ለመሥራት ቦታ የያዘ ነጋዴ፣ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ሲያስጨንቀው ዓይኑ ወደ እንጨት መሄዱ አይቀርም፡፡ ሐሳቡም የሚናቅ አይደለም፡፡ ደረቅ እንጨት ሙቀት የሚያስተላልፈው ከኮንክሪት በአሥር እጅ ገደማ ያነሰ በመሆኑ በደጋ ሌሊት ጥቅሙ ይታወቃል፡፡ የአገር ውስጡ ባሕር ዛፍ የሚገዛው በብር ስለሆነ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ አይጠብቅም፡፡ እንግዳም ይወደዋል፡፡ ይሁን እንጂ በእንጨት ቤት ላይ ገንዘቡ የት የት መዋል እንዳለበት ያልተረዳ ሰው በርካሽ የጀመረውን በውድ ይጨርሳል፡፡

ግንድ በግንድ ላይ

ግንድ በግንድ ላይ አጋድሞ ማዕዘኑን በቆረጣ እያቆላለፉ ቤት መሥራት የሰሜን አውሮፓና የሩሲያ የቆየ ሙያ ነው፡፡ ወደ አሜሪካ ያሻገሩትም እ.ኤ.አ. ከ1638 ጀምሮ በደላዌር ወንዝ ዳርቻ የሰፈሩት የስዊድንና የፊንላንድ ሰዎች እንደነበሩ ይነገራል፡፡ በአሜሪካ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው «ኦልድ ፌይዝፉል» የተባለው ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1904 በግንድ ተሠርቶ ሲከፈት የዛሬ አያቶች እንኳ አልተወለዱም ነበር፤ ዛሬም በየወቅቱ እንግዳ ያስተናግዳል፡፡ ከመቶ ዓመት በላይ ገቢ ሲያስገባ የኖረን ሕንፃ «ጊዜያዊ» ብሎ መጥራት አይቻልም፡፡

የዚህ ሙያ ባለቤቶች አንድ ነገር አይረሱም፡፡ እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ይንቀሳቀሳል፡፡ በውስጡ ያለው እርጥበት ከ30 ከመቶ ገደማ በታች ሲወርድ መሸማቀቅ ይጀምራል፡፡ በቁመቱ የሚቀንሰው ከቁጥር የማይገባ ነው፤ በውፍረቱ ግን በደንብ ይቀንሳል፡፡ በመሆኑም ግንዶቹ በተጋደሙበት ግድግዳ ላይ እያንዳንዱ ግንድ ትንሽ ትንሽ ሲቀጥን ግድግዳው በጠቅላላ ዝቅ ይላል፡፡ በእርጥብ ግንድ የተሠራ የ2.4 ሜትር ግድግዳ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሊወርድ ይችላል፡፡ ይህን የሚያውቁ አናጢዎች በበርና በመስኮት አናት ላይ ክፍተት ትተው በክዳን ይሸፍኑታል፡፡ በቋሚ ምሰሶዎች ጫፍ ደግሞ ቁመቱን የሚያስተካክል ትልቅ ብሎን ያስገቡና ግድግዳው በወረደ ቁጥር ያላሉታል፡፡

ቤት በዕድሜው ዝቅ እንደሚል አስቀድሞ ማሰብ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም፡፡ የዶርዜ የቀርከሃ ቤት ሲሠራ እጅግ ረጅም ነው፤ ምስጥ ከሥሩ እየበላው ከዓመት ዓመት እያጠረ ሲሄድም ባለቤቱ አይደነግጥም፤ ሲሠራ አስልቶታልና፡፡

በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ የተለመደው አሠራር ግን ቋሚ ተክሎ፣ በማገር አያይዞ፣ በጭቃ መምረግ ነው፡፡ ቋሚው የቆመ በመሆኑ ቤቱ ብዙ አይወርድም፡፡ ሆኖም እንጨቱ ሲቀጥን ምስማሩ ይላላል፤ ምርጉም ከእንጨቱ ይለያያል፡፡ ብዙ ባለቤቶች ይህን የምርጉ ጥፋት አድርገው በየዓመቱ ያስለስናሉ፡፡ ምርጉ ግን የተለያየው ከሥሩ ያለው እንጨት ስለሸሸው ነው፡፡

የባሕር ዛፍ ጠባይ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ በማገዶና በቤት መሥሪያ እንጨት እጦት ተቸግራ ነበር፡፡ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መምጣት የተደረሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፡፡ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ በፍጥነት አድጎ ከተማዋን ከመነቀል አዳናት፡፡ ተቆርጦ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥም ለገበሬው የቁጠባ ደብተር ሆኖ ኖሯል፡፡ ልጅ ሲዳር፣ ግብር ሲመጣ፣ በሬ ሲሞት ባሕር ዛፉ በቁሙ ለነጋዴ ይሸጣል፡፡

ይኸው የሚያሞግሰው ፍጥነቱ ለቤት ሲሆን ፈተና ነው፡፡ በተለይ ነጭ ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጫፉ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ ሲደርቅ በብዙ ይሸማቀቃል፡፡ ቀይ ባሕር ዛፍ በአንጻሩ ለመበስበስ የተሻለ መቋቋም አለው፡፡ በአጣና ገበያ ሁለቱን ለይቶ የሚጠይቅ ገዢ ግን ጥቂት ነው፡፡ ቀጭን አጣና ቶሎ ስለሚሸጥ ገበሬው በአምስትና በሰባት ዓመቱ ይቆርጠዋል እንጂ ወፍሮ ልቡ እስኪጠና አይጠብቅም፡፡ በዚህ ገበሬውን መውቀስ አይቻልም፤ ለተጨማሪው ዓመት ገበያው የሚከፍለው ነገር የለም፡፡

«ባሕር ዛፍ ካልሆነ በጽድ ወይም በዝግባ ይሠራ» የሚል ይኖራል፡፡ ጽድ ምስጥን በመቋቋም የታወቀ መሆኑ እውነት ነው፡፡ ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጽድን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ዋንዛን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር፡፡ ሕጉ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች ቢተካም አገር በቀል ዛፍን የመጠበቁ ሐሳብ አልተለወጠም፡፡ ምንጩ ያልታወቀ የጽድ ግንድ በርካሽ የቀረበለት ባለሀብት ርካሽ ያደረገው ምን እንደሆነ ቢጠይቅ ይበጀዋል፡፡

ዕቅዱ የሚጀምረው ከእንጨቱ ነው

ብዙ ሰው ቦታ ይይዛል፣ ፕላን ያሠራል፣ ፈቃድ ያወጣል፤ እንጨት የሚገዛው አናጢው በር ላይ ቆሞ «ዕቃ የለም» ሲል ነው፡፡ በእንጨት ቤት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፡፡ መጀመሪያ እንጨቱ ይገዛ፡፡ የሕንፃ ሕጉ የሚጠይቀው ፈቃድና ፕላን እስኪያልቅ ድረስ እንጨቱ ይደርቃል፡፡ ቢሮ ለቢሮ የሚባክነው ወር ለእንጨቱ ሥራ ይሠራለታል ማለት ነው፡፡

አደራረቁ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፡፡ ቅርፊቱ ወዲያው ይላጣል፤ ነቀዝና ሌላ ተባይ የሚደበቀው እዚያ ነውና፡፡ ሁለቱ ጫፎች በወፍራም ቀለም ወይም በሰም ይቀባሉ፤ ውኃ በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ ካልተቀባ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል፡፡ ከዚያም ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ላይ፣ በየመደዳው መካከል አየር የሚያሳልፍ ቀጭን እንጨት እየተጋደመ፣ ፀሐይና ዝናብ በማያገኘው ጥላ ሥር ይከመራል፡፡ እንደ ውፍረቱና እንደ አካባቢው አየር ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይወስዳል፡፡

መድረቁ የሚለካው በግምት መሆን የለበትም፡፡ ከግንዱ መሃል ቁራጭ ተወስዶ ይመዘናል፤ ከዚያ በ103 ዲግሪ ገደማ በሚሠራ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ይቆይና እንደገና ይመዘናል፡፡ አንድ ኪሎ የነበረው 800 ግራም ቢሆን የጠፋው 200 ግራም ውኃ ለ800 ይካፈላል፤ እርጥበቱ 25 ከመቶ ነበር ማለት ነው፡፡ እንጨት አብዝቶ የሚበሰብሰው እርጥበቱ ከ20 ከመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ስለሆነ ይህ እንጨት ገና ነው፡፡ በእጅ የሚያዝ የእርጥበት መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ ይህን በደቂቃ ያውቃል፡፡

ውኃ ከእንጨት ይራቅ

ደረቅ እንጨት ተገዝቶ በአሠራር ስህተት ቢርስ ገንዘቡ ባከነ፡፡ በኖርዌይ ከጥንት የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ምሰሶአቸው መሬት ተቆፍሮ የተተከሉት ሥራቸው በስብሶ አልቀዋል፤ አንድም የቆመ የለም፡፡ በኋላ የመጡት አናጢዎች ድንጋይ ደልድለው፣ በድንጋዩ ላይ ወፍራም አግዳሚ እንጨት አንጥፈው፣ ምሰሶውን በዚያ ላይ አቆሙ፡፡ በዚህ መንገድ የተሠራው የቦርጉንድ ቤተ ክርስቲያን ከ800 ዓመት በላይ ቆሟል፡፡ እንጨቱ እንጨት ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የአንድ ክንድ ድንጋይ ነው፡፡

በኢትዮጵያ ቋሚ አሁንም በአብዛኛው የሚተከለው ጉድጓድ ተቆፍሮ ነው፡፡ ሥሩን የተቃጠለ ዘይት መቀባት ወይም በእሳት መለብለብ የተለመደ ቢሆንም ምስጡን የሚያዘገየው ለጊዜው ነው፡፡ ለዓመታት ገቢ ያመጣል ተብሎ የሚሠራ ሎጅ ግን ከመሬት ቢያንስ 40 እና 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ይገባዋል፡፡ በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል ጠርዙ ወደ ውጭ የታጠፈ ቆርቆሮ ቢገባ ምስጥ ተደብቆ መውጣት አይችልም፤ መንገዱን በቆርቆሮው ላይ ሲሠራ ይታያል፡፡ ጣራውም ከግድግዳው ሰፋ ብሎ መውጣት አለበት፡፡ ቆርቆሮ ለመቆጠብ ሲባል የጣራ ከንፈር ማሳጠር በየክረምቱ ግድግዳን ማጠብ ነው፡፡ የተሰነጠቀ ግንድም ስንጥቁ ወደ ታች ዞሮ ይቀመጥ፤ ወደ ላይ ከሆነ ውኃ ያቁራል፡፡

ስለ እሳት የሚነሳው ስጋት ተገቢ ነው፡፡ ወፍራም ግንድ የሚቃጠለው ቀስ ብሎ ነው፤ ላዩ ከስሎ ውስጡን ስለሚከላከል እሳቱ የሚገባው በደቂቃ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ነው፡፡ ቀጭን ማገር፣ ጣውላና ችፑድ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የላቸውም፡፡ እንጨት የበዛበት ታሪካዊው የጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ከባድ ጉዳት ደርሶበታል፡፡ በሌላ በኩል የሎውስቶኑ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1988 ፓርኩን ካነደደው ሰደድ እሳት ተርፏል፡፡ ከእሳት አጥፊዎቹ ርብርብ ሌላ ጥቂት ቀደም ብሎ ጣራው ላይ የተዘረጋው የውኃ መርጫ ረድቶታል፡፡ እንጨት ቤት የሚሠራ ሰው የመብራት ሽቦውን በቱቦ ውስጥ ማሳለፍ፣ ማብሰያ ቤቱን በድንጋይ ወይም በብሎኬት ለይቶ መሥራትና የውኃ ታንከር ከፍ አድርጎ መስቀል ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ ሊያስገባው ይገባል፡፡

ጌጡ በመጨረሻ

የእንጨት ቤት ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚቸኩለው ለጌጡ ነው፡፡ ያልደረቀ ግድግዳ ላይ ወፍራም ቫርኒሽ መቀባት እርጥበቱን ውስጥ ማሰር ነው፤ ቫርኒሹ ያብጣል፣ ይላጣል፡፡ ቁም ሣጥንና የማብሰያ ቤት መደርደሪያ ገና በሚወርድ የግንድ ግድግዳ ላይ በምስማር ከተቸነከሩ ወይ እነሱ ይሰበራሉ ወይ ግድግዳውን አንጠልጥለው ይይዙታል፡፡ አንድ ክረምትና አንድ በጋ አልፎ ቤቱ እስኪረጋ በቀላል ዕቃ መቆየት ይሻላል፡፡ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ነው፡፡

ለውስጥ ግድግዳ የተልባ ዘይት በቀጭኑ ቢቀባ የእንጨቱን መልክ ያወጣል፤ ሲደበዝዝም ሳይፋቅ ይደገማል፡፡ ዘይቱ የተቀባበት ጨርቅ ግን ተጠቅልሎ ጥግ መጣል የለበትም፡፡ በራሱ ሞቆ ሊነድ ስለሚችል ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ ይግባ፡፡ ለውጭው ግድግዳ ቀለም ያለው የእንጨት ዘይት ይመረጣል፤ ንጹሑን እንጨት የደጋ ፀሐይ ቶሎ ያገረጣዋልና፡፡ ከዚህ ሌላ የግንድ ቤት ብዙ ጌጥ አይፈልግም፡፡ ግንዱ ራሱ ጌጥ ነው፤ ሰፌድ፣ አጎዛ፣ አንድ ጥሩ መብራት ይበቃዋል፡፡ በጌጥ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ መሠረቱና ጣራው ላይ ቢውል ባለቤቱን አይቆጨውም፡፡

ለምሰሶ የተገኘ ዋጋ ለቤት ለምን ጠፋ?

«ማን ይከፍላል?» የሚለው የነጋዴ ጥያቄ ትክክል ነው፡፡ መልሱ መንገድ ዳር ቆሟል፡፡ የኤሌክትሪክ መስመር የሚሸከመው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተመርጦ፣ ደርቆ፣ በመድኃኒት ታክሞ የሚተከል ነው፡፡ ገዢው ቀጥነቱን፣ ውፍረቱንና ሕክምናውን ጽፎ ስለሚጠይቅ የሚያዘጋጅ ሰው ተገኝቷል፡፡ ዛፉ ያው ባሕር ዛፍ ነው፤ የተለየው የገዢው ጥያቄ ነው፡፡

ሒሳቡን ለምሳሌ ያህል ማስላት ይቻላል፡፡ አንድ ባለሀብት ለአሥር ክፍል ሎጅ የ1 ሚሊዮን ብር እንጨት ከዓመት በፊት ገዛ እንበል፡፡ ገንዘቡ በዓመት 16 ከመቶ ወለድ ቢታሰብበት 160,000 ብር፣ ለግቢ፣ ለጥበቃና ለጉልበት 90,000 ብር፣ ተጣሞና ተሰንጥቆ ለሚወድቀው 100,000 ብር፤ የድርቀቱ ዋጋ በድምሩ 350,000 ብር ይሆናል፡፡ ብዙ ይመስላል፡፡ እርጥቡን ገዝቶ የከፈተው ግን በሁለተኛው ዓመት በሮቹንና ኮርኒሱን ለማስተካከል ሎጁን 14 ቀን ቢዘጋ፣ የአንዱ ክፍል አዳር በ3,000 ብር ቢታሰብ፣ ያጣው ገቢ ብቻ 420,000 ብር ነው፡፡ የአናጢውና የዕቃው ዋጋ፣ «በሩ አይዘጋም» ብሎ የሄደው እንግዳ ገና አልተቆጠረም፡፡

ደላላው ከዚህ ምን ያገኛል ቢባል ኮሚሽኑ የሚሰላው በዋጋ ከሆነ ከውዱ ዕቃ የሚያገኘው ይበልጣል፡፡ ነገር ግን ዛሬ የሚያተርፈው ከመፍጠን ነው፤ ከመኪና ወርዶ ሳያድር የሚሸጥ ዕቃ ይወዳል፡፡ ይህን የሚለውጠው ምክር ሊሆን አይችልም፤ በደረሰኝ ላይ የሚጻፍ ነገር ነው፡፡ የዛፉ ዓይነት፣ የተቆረጠበት ወር፣ በተሸጠበት ቀን የተለካ እርጥበት፡፡ ሦስቱን የጻፈ ሻጭ ዋጋ የመጨመር መብት አለው፤ ሦስቱን ያልጠየቀ ገዢ ደግሞ በኋላ የማማረር መብቱን ትቷል፡፡ የግንባታ ባለሙያዎችም በሥራ ዝርዝራቸው ላይ «እንጨት» ብለው ከማለፍ ይልቅ «እርጥበቱ ከ20 ከመቶ ያልበለጠ» ብለው ቢጽፉ ገበያው ቋንቋውን ይለምዳል፡፡

ሁሉም ሻጭ በአንድ ጊዜ ይህን ያደርጋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው፡፡ የሚያስፈልገው አንድ ግቢ፣ አንድ ሰፊ ጥላ፣ አንድ መለኪያና ገንዘቡን ለአንድ ዓመት ማሳደር የሚችል አንድ ነጋዴ ነው፡፡ የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ይሆንበታል፡፡ በሁለተኛው ዓመት ክረምት፣ የጎረቤቱ ደንበኛ አናጢ ፍለጋ ሲሯሯጥ፣ የእሱ ደንበኛ ሁለተኛውን ቤት ለመሥራት ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የድርቀቱን ዋጋ የሚከራከረው አይኖርም፡፡